ለሳልሞንና ለሃሊበት የትኛው ሎጅ? የአላስካና የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ጠረፍ አማራጮች ሲነጻጸሩ

የዓሣ ማጥመጃ ሎጆች ማስታወቂያ ሁሉ ይመሳሰላል፤ ትልቅ ዓሣ የታቀፈ ሰው፣ ከኋላው በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ከሥሩ ዋጋ። ለመምረጥ የሚረዳ ነገር ግን አይገኝበትም። በአንድ ደሴት ላይ ጎን ለጎን የተሠሩ ሁለት ሎጆች በአንድ ሳምንት እንግዳ ቢቀበሉ፣ የአንዱ እንግዳ በቀን አንድ ሃሊበት (ትልቅ ጠፍጣፋ የባሕር ዓሣ)፣ የሌላው ደግሞ ሁለት ይዞ ሊመለስ ይችላል፤ ሁለቱም ሕግ ሳይጥሱ። ልዩነቱን ያመጣው ጀልባውን የያዘው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው። ስለዚህ ከአልጋውና ከምግቡ በፊት መታየት ያለባቸው ነገሮች አሉ።

እዚህ የሚነጻጸሩት አራት ናቸው፦ ካፒቴን፣ ምግብና መኝታ በአንድ ዋጋ የሚያቀርብ ሩቅ ሎጅ፤ ጀልባ ሰጥቶ "ራስህ አጥምድ" የሚል ሎጅ፤ መኪና በሚገባበት ከተማ አድሮ በየቀኑ የቻርተር ጀልባ (ከነካፒቴኑ የሚከራይ ጀልባ) መያዝ፤ እና በካናዳ በኩል የሃይዳ ግዋይ ደሴቶች ሎጆች።

መመዘኛዎቹ

*ዓሣውና ወሩ።* በደቡብ ምሥራቅ አላስካ፣ ማለትም በሲትካ፣ በኬቺካንና በፕሪንስ ኦፍ ዌልስ ደሴት ዙሪያ፣ ኪንግ ሳልሞን የሚበዛው ከሜይ አጋማሽ እስከ ጁላይ መጀመሪያ ነው። ኮሆ የተባለው የሳልሞን ዓይነት ጁላይ ላይ መታየት ይጀምርና ኦገስት ላይ ይበዛል፤ ትልልቆቹ የሚመጡት ወደ ሴፕቴምበር ሲጠጋ ነው። ፒንክ የተባለው ሳልሞን ከጁላይ አጋማሽ ጀምሮ ባሕሩን ይሞላዋል፤ ሥጋው ለስላሳና ቶሎ የሚበላሽ ስለሆነ ብዙ ሰው መልሶ ይለቀዋል። ሃሊበት ከኖቬምበር እስከ ማርች በጥልቁ ውሃ እንቁላሉን ጥሎ ሲያበቃ ወደ ጠረፉ ይጠጋል፤ ከጁን እስከ ኦገስት ከ100 እስከ 300 ጫማ በሚደርስ ጥልቀት ይገኛል።

ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው። ዋናው ፍላጎት ኪንግ ከሆነ ጁን፤ ማቀዝቀዣ የሚሞላ ኮሆና ሃሊበት ከሆነ ኦገስት። የጁላይ የመጀመሪያ ሁለት ሳምንታት የሁለቱ መገናኛ ተብለው ይሸጣሉ፤ እውነት ነው፣ ግን ከሁሉም ትንሽ ትንሽ እንጂ የአንዱም ጫፍ አይደሉም። ሶካይ የተባለውን ሳልሞን የሚፈልግ ሰው ደግሞ የባሕር ሎጅ ባይዝ ይሻለዋል። ሶካይ በአብዛኛው የሚመገበው በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረታትን ስለሆነ መንጠቆ ላይ የተሰካ ሄሪንግ (ለማባበያ የሚሆን ትንሽ ዓሣ) እምብዛም አይስበውም፤ ሰው የሚያጠምደው እንደ ኬናይ ባሉ ወንዞች ውስጥ ነው።

*ሕጉ።* ብዙ ገዢ የሚዘለው፣ ውጤቱን ግን ከሁሉ በላይ የሚወስነው ይህ ነው። የሃሊበት ገደብ እ.ኤ.አ. በ1923 በአሜሪካና በካናዳ ስምምነት የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የፓስፊክ ሃሊበት ኮሚሽን በየዓመቱ መጀመሪያ በሚያደርገው ስብሰባ ይከለሳል። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በአላስካ ሁለት ዋና ቀጠናዎች የቻርተር ድርሻ ከንግድ አስጋሪዎች ድርሻ ጋር ተያይዞ ይሰላል። ውጤቱ እንዲህ ነው፦

በደቡብ ምሥራቁ ቀጠና፣ ማለትም በ2ሲ፣ በቻርተር የሚያጠምድ ሰው በቀን አንድ ሃሊበት ብቻ ይፈቀድለታል፤ እሱም ከተወሰነ ርዝመት በታች ወይም በጣም ትልቅ መሆን አለበት፣ መካከለኛው ሁሉ ይለቀቃል። እ.ኤ.አ. በ2023 ገደቡ ከ40 ኢንች ያልበለጠ ወይም 80 ኢንችና ከዚያ በላይ የሚል ነበር። በደቡብ ማዕከላዊው ቀጠና፣ ማለትም ሆመር፣ ሲዋርድና ኮዲያክ ባሉበት 3ኤ፣ የቻርተር እንግዳ በቀን ሁለት ይይዛል፤ አንደኛው ግን ትንሽ መሆን አለበት። በዚህ ቀጠና በሳምንት ውስጥ ለቻርተር ሃሊበት የተዘጉ ቀናት አሉ፤ ረቡዕ ለዓመታት ዝግ ሆኖ ቆይቷል። ያለ ካፒቴን በራሱ የሚያጠምድ ሰው ግን በሁለቱም ቀጠና በቀን ሁለት ሃሊበት፣ ያለ ርዝመት ገደብ ይፈቀድለታል። ቁጥሮቹ ስለሚለዋወጡ የሚጓዙበትን ዓመት ደንብ ማየት ግድ ነው፤ የአምናው ብሮሹር ማስረጃ አይሆንም።

ለሳልሞን ደግሞ በአላስካ ባሕር ኪንግ ለመያዝ ከፈቃዱ ሌላ የኪንግ ቴምብር (በፈቃዱ ላይ የሚገዛ ተጨማሪ ፈቃድ) ያስፈልጋል። በደቡብ ምሥራቅ ኪንግ 28 ኢንች ካልሞላ ይለቀቃል፤ ከግዛቱ ውጭ ለመጣ ሰው የዓመት ጣሪያም አለው፤ የተያዘው ዓሣ ወዲያው ፈቃዱ ላይ ይመዘገባል። ኪንግ በአስቸኳይ ትእዛዝ ወቅቱ ሳያልቅ ሊዘጋ ይችላል። "ኪንግ ታጠምዳለህ" ብሎ ገንዘብ የተቀበለ ሎጅ ደግሞ ስለተዘጋ ብቻ ብዙ ጊዜ ገንዘብ አይመልስም። ኮሆ ላይ ግን ሕጉ ለጋስ ነው፤ በደቡብ ምሥራቅ በቀን ስድስት ይፈቀዳል።

*በውሃ ላይ የሚያልፍ ሰዓት።* "የአምስት ቀን ጥቅል" ሲባል መድረሻውና መነሻው ቀን ይቆጠራሉ፤ ሙሉ ማጥመጃው ሦስት ቀን ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዋጋውን በሰዓት ያካፍሉት። 5,000 ዶላር ተከፍሎ ሦስት ቀን ስምንት ስምንት ሰዓት ከተጠመደ 24 ሰዓት ነው፤ በሰዓት 208 ዶላር ገደማ። ከዚያ ላይ መሄጃና መመለሻውን ይቀንሱ። የሃሊበቱ ቦታ ከሎጁ አንድ ሰዓት ተኩል የሚርቅ ከሆነ ከስምንቱ ሰዓት ሦስቱ በመንገድ ያልቃል።

*የባሕሩ ጠባይ።* ወደ ክፍት ውቅያኖስ የሚመለከት ጠረፍ (ሲትካ፣ የፕሪንስ ኦፍ ዌልስ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ የሃይዳ ግዋይ ሰሜን) ለማጥመድ የተሻለ ነው፤ ሳልሞኑ ወደየወንዙ ሲያልፍ መጀመሪያ የሚመገበው እዚያ ነው። ሆኖም ሞገዱ ይከብዳል፣ ጉም ይወርዳል፣ ማቅለሽለሹም ቀላል አይደለም። በደሴቶች መሃል ያለው ውሃ ጸጥ ያለ ነው፣ ዓሣው ግን ዘግይቶ ይደርሳል። ጥሩ ሎጅ ማለት በአየር ሁኔታ ምክንያት ወደ ክፍቱ መውጣት ሲያቅት የሚገባበት የተጠለለ ውሃ በአቅራቢያው ያለው ነው።

*ዓሣው ቤት እንዴት ይደርሳል።* የተያዘ ዓሣ ወዲያው ከጭንቅላቱ ጎን ያለው መተንፈሻው ተቆርጦ ደሙ ካልፈሰሰና በረዶ ውስጥ ካልገባ፣ በቫኩም ቢታሸግም ከሁለት ወር በኋላ ጣዕሙ ይለወጣል። ሎጁን የሚጠየቀው ጥያቄ "ታሽጋላችሁ?" ሳይሆን "ጀልባው ከተጠጋ ስንት ሰዓት በኋላ ማቀዝቀዣ ይገባል?" የሚለው ነው። 20 ፓውንድ የሚመዝን ሃሊበት ከአጥንትና ከቆዳ ሲለይ ግማሽ ያህሉ ፊሌቶ ይሆናል፤ ያንን አስልተው ሳጥን ያዝዙ። የአየር መንገድ የሻንጣ ጣሪያ ብዙ ጊዜ 50 ፓውንድ ስለሆነ ሳጥኖቹም በዚያው ልክ ይሠራሉ።

አንደኛ፦ ካፒቴን ያለው ሩቅ ሎጅ

ከሲትካ ወይም ከኬቺካን በጀልባ ወይም በውሃ ላይ በሚያርፍ ትንሽ አውሮፕላን የሚደረስበት ነው። ካፒቴኑ የአሜሪካ ኮስት ጋርድ ፈቃድ ያለው ነው፤ በአብዛኛው ትንሽ ጀልባ ላይ የሚጫነው ከስድስት አይበልጥም፤ አራት ሲሆን ደግሞ ክሩ እርስ በርስ አይተበተብም። ዋጋው ለሦስት ሙሉ የማጥመጃ ቀን ከ4,000 እስከ 7,000 ዶላር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ነው፤ ለሠራተኞች ከ10 እስከ 15 በመቶ ጉርሻ ይታከልበታል።

የሚከፈለው ለእውቀቱ ነው። ሃሊበት የሚመገበው በውሃው ሙላትና ጉድለት መካከል ጅረቱ ረገብ በሚልበት አጭር ጊዜ ነው፤ ያ ጊዜ የትኛው ጉብታ ላይ መዋል እንዳለበት የሚያውቀው በየዓመቱ እዚያ የዋለ ሰው ነው። ለሳልሞንም እንዲሁ። ተቆራርጦ የተሰካው ሄሪንግ ውሃ ውስጥ እንዴት እንደሚሽከረከር አይቶ ማስተካከል የልምድ ሥራ ነው፦ ጭንቅላቱ ከመተንፈሻው ኋላ በሰያፍ ይቆረጣል፣ ሁለት መንጠቆ ይሰካል፣ በጀልባው ጎን ውሃ ውስጥ ተጎትቶ ይታያል። ሰፋ ብሎ ከዞረ ቁርጡ ትክክል አይደለም፤ እንደ ቡሽ መክፈቻ ጠበብ ብሎ መሽከርከር አለበት። ቅርፊቱ የረገፈ ሄሪንግ ስለማይስብ በየ10 ወይም 15 ደቂቃው እየተነሣ ይፈተሻል። ይህን ሁሉ ሌላ ሰው ሲያደርግልዎ ለጀማሪ ዋጋ አለው።

ጉድለቱ ከላይ የተጠቀሰው የቻርተር ገደብ ነው። በደቡብ ምሥራቅ ይህን አማራጭ የያዘ ሰው የሃሊበቱን ድርሻ በግማሽ አስቀንሶ ነው የሚገባው። ሳልሞን ላይ ለሚያተኩር ይህ ብዙም አይጎዳም።

ሁለተኛ፦ ራስ በራስ የሚጠመድበት ሎጅ

ሎጁ ክፍል፣ ጀልባ፣ ዘንግ፣ የባሕር ካርታና የጂፒኤስ ምልክት ይሰጣል፤ ማለዳ ላይ የት እንደሚሻል ይነግራል፤ ከዚያ ጀልባው የእርስዎ ነው። ለአራት ወይም ለአምስት ቀን ከ2,000 እስከ 3,500 ዶላር አካባቢ ይገኛል፤ ነዳጅ ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ነው፣ ምግብም በየሎጁ ይለያያል። በቀን አሥር ሰዓት መዋል ስለሚቻል የሰዓቱ ዋጋ ከመጀመሪያው አማራጭ በብዙ ይወርዳል። የሃሊበት ገደቡም በቀን ሁለት ነው።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የሎጁ ደሞዝተኛ አብሮ ጀልባ ላይ ወጥቶ ካጠመደልዎ ያ ጉዞ በሕግ ዓይን ቻርተር ነው፤ የቻርተር ገደብም ይመጣል። "የመጀመሪያውን ቀን ሰው እንሰጥሃለን" የሚል ሎጅ ካጋጠመ፣ ያ ቀን በየትኛው ገደብ እንደሚቆጠር በጽሑፍ ያስረዳ።

የሚበላሸው ደግሞ እንዲህ ነው። ጀማሪ ጅረቱ ሲበረታ 16 አውንስ እርሳስ አንጠልጥሎ 250 ጫማ ላይ መሬት የነካ ይመስለዋል፤ ክሩ ግን በሰያፍ ተወጥሮ ማባበያው ከመሬቱ ብዙ ርቆ ይንሳፈፋል። ሃሊበት መሬት ላይ የሚተኛ ዓሣ ነው። ክሩ ከቀጥታው ብዙ ካዘመመ ወደ 32 ወይም 48 አውንስ መቀየር፣ ካልሆነም ጅረቱ እስኪረግብ ሳልሞን ላይ መዋል ይሻላል። እርሳሱ መሬቱን ሲመታ ይሰማል፤ ያኔ ሁለት ዙር ማንሣት ብቻ ነው። መጠኑ 16/0 በሆነ ክብ መንጠቆ ላይ ዓሣው ሲነካ ዘንጉን በድንገት ወደ ላይ መሳብ መንጠቆውን ከአፉ ያወጣዋል፤ ዘንጉ ራሱ እስኪጎብጥ ቀስ ብሎ መጠቅለል ነው የሚያስይዘው።

ሁለተኛው ችግር መልሕቅ ነው። በጅረት ውስጥ መልሕቅ ከጀልባው ኋላ ከታሰረ ውሃ በኋላ በኩል ሊገባና ጀልባውን ሊያሰጥም ይችላል። ልምድ የሌለው ሰው መልሕቅ ባይጥል፣ ከጅረቱ ጋር እየተንሳፈፈ ቢያጠምድ ይመረጣል። ሦስተኛው ጉም ነው፤ ጂፒኤስ፣ የአደጋ ጥሪ በሚሰማበት በቻናል 16 ላይ የተከፈተ ሬዲዮና የተለበሰ የሕይወት ጃኬት ያለማመንታት ይጠበቃሉ። እንደዚያ ባለ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የወደቀ ዋናተኛ እጁና እግሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይደነዝዛሉ።

ትልቅ ሃሊበት ሲያዝ ደግሞ ወደ ትንሽ ጀልባ ማስገባት አደገኛ ነው፤ ጅራቱ እግር ይሰብራል። ከ100 ፓውንድ በላይ የሆኑት በአብዛኛው እንቁላል ጣይ ሴቶች ናቸው፤ ሥጋቸውም ከትናንሾቹ ሻካራ ነው። ክሩን አጠገቡ ቆርጦ መልቀቅ ለጀልባውም ለዓሣውም ይበጃል።

ሦስተኛ፦ ከከተማ የቀን ቻርተር

ሆመር ከአንኮሬጅ 220 ማይል ገደማ ሲሆን መንገዱ የሚያልቅበት ነው፤ በመኪና ከአራት ሰዓት ተኩል እስከ አምስት ሰዓት ይወስዳል። ሲዋርድ 127 ማይል ላይ ናት። የቀን ሃሊበት ቻርተር በሰው ከ350 እስከ 500 ዶላር አካባቢ ነው። ሦስት ቻርተር፣ አራት ሌሊት መኝታ፣ ምግብና ማሸጊያ ተደምሮ 2,500 ወይም 3,000 ዶላር ሊደርስ ይችላል፤ ስለዚህ ከርቀት እንደሚመስለው ርካሽ አይደለም። የሚያዋጣው ማጥመዱ የአንድ ወይም የሁለት ቀን ጉዳይ ሲሆንና ቀሪው ቤተሰብ ሌላ ነገር ማየት ሲፈልግ ነው።

ሆመር ለሃሊበት ስም አላት፤ ኪንግም በዚያ ውሃ ዓመቱን ሙሉ ይገኛል። ሲዋርድ ግን ኦገስት ላይ በሬዘሬክሽን ቤይ ኮሆ ታበዛለች። በኩክ ኢንሌት የሙላትና የጉድለቱ ልዩነት ከ20 ጫማ ስለሚያልፍ ጅረቱ ብርቱ ነው፣ እርሳሱም ይከብዳል፤ ሙላቱ ከፍተኛ የሚሆንበትን የአዲስ ጨረቃና የሙሉ ጨረቃ ሳምንት ትቶ በመካከላቸው መሄድ ክንድንም ውጤትንም ይረዳል። ለሃሊበት የተዘጋውን የሳምንቱን ቀን ለሳልሞን ወይም ለመንገድ ያድርጉት።

አራተኛ፦ ሃይዳ ግዋይ

በሰሜን ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ በተለይ በላንጋራ ደሴት ዙሪያ፣ ለኪንግ (እዚያ ቺኑክ ይሉታል፤ 30 ፓውንድና ከዚያ በላይ ሲሆን ታዪ) የታወቀ ውሃ አለ። ከቫንኩቨር በአውሮፕላን ወደ ማሴት ወይም ሳንድስፒት፣ ከዚያ በሄሊኮፕተር ወይም በትንሽ አውሮፕላን ይደረሳል፤ ጥቅሉ ብዙ ጊዜ በረራውን ይጨምራል፣ ስለዚህም ዋጋው ከሁሉም ይበልጣል። አንዳንዶቹ ሎጆች በውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ናቸው፤ ከመኝታ ክፍሉ እስከ ማጥመጃው ቦታ አሥር ደቂቃ የማይሞላ ስለሆነ በሰዓት ሲሰላ እንደሚፈራው ውድ አይደለም።

እዚህ ሁለት የሕግ ልዩነቶች አሉ። በካናዳ ባሕር ለሳልሞን የሚውል መንጠቆ ጫፉ አጠገብ ወደ ኋላ የተመለሰ ሹል የሌለው መሆን አለበት፤ ስለዚህ ዓሣው ሲዘል ክሩ ከላላ ያመልጣል። የሃሊበት ገደቡ ደግሞ ካፒቴን ኖረም አልኖረ አንድ ነው፤ ካፒቴን መያዝ ድርሻ አያስቀንስም። ፈቃዱ የሚገዛው ከካናዳ የዓሣ ሀብትና ውቅያኖስ መሥሪያ ቤት በኢንተርኔት ነው፤ ሳልሞን ለመውሰድ ቴምብሩ ይጨመራል። ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው ድንበር ስለሚሻገር የጉዞ ሰነዱን አስቀድሞ ያረጋግጥ።

ባጭሩ

| መመዘኛ | ካፒቴን ያለው ሎጅ | ራስ በራስ | የከተማ ቻርተር | ሃይዳ ግዋይ |
|---|---|---|---|---|
| ግምታዊ ወጪ በሰው (ዶላር) | 4,000–7,000 | 2,000–3,500 እና ነዳጅ | 2,500–3,000 ለሦስት ቻርተር | ከሁሉም ውድ፣ በረራ ጨምሮ |
| ሃሊበት በቀን | 2ሲ፦ አንድ፣ በርዝመት ገደብ | ሁለት፣ ያለ ርዝመት ገደብ | 3ኤ፦ ሁለት፣ አንዱ ትንሽ | እንደ ዓመቱ፣ ለሁሉም እኩል |
| ለኪንግ | በጁን ጥሩ | ልምድ ይጠይቃል | መካከለኛ | በጣም ጥሩ |
| ለኮሆ | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | ሲዋርድ በኦገስት | ጥሩ |
| የልምድ ፍላጎት | አያስፈልግም | ጀልባ መንዳት ግድ | አያስፈልግም | እንደ ሎጁ |
| ዋና ስጋት | የሃሊበት ድርሻ ማነስ | ጉም፣ መልሕቅ፣ ጅረት | ረጅም መንገድ በውሃ ላይ | በጉም የሚዘጋ በረራ |

ለማን የቱ?

ጀልባ ነድቶ የማያውቅና በሕይወቱ አንዴ ለመሄድ ያሰበ ሰው ካፒቴን ያለውን ይያዝ፤ ወሩንም ኦገስት ያድርግ፣ ምክንያቱም ኮሆ ጀማሪን አያሳፍርም። ከሦስት ሺህ ዶላር በታች ያላቸው፣ ከመካከላቸው አንዱ በባሕር ላይ ጀልባ የነዳ ሦስት ወይም አራት ጓደኛሞች ራስ በራሱ ይሻላቸዋል፤ ሥጋ ለመያዝ ከዚህ የሚበልጥ አማራጭ የለም። ከትንንሽ ልጆች ጋር የሚጓዝ ቤተሰብ ከተማ ያድር፣ በአላስካ ከ16 ዓመት በታች ፈቃድ አያስፈልግም፤ መጀመሪያ የግማሽ ቀን ቻርተር ይሞክርና ማን እንደሚያቅለሸልሸው ይወቅ። የማቅለሽለሽ መድኃኒት የሚወሰደው ከመነሣት በፊት ነው፤ ማቅለሽለሹ ከጀመረ በኋላ ቢዋጥ ብዙም አይረዳም። ትልቅ ኪንግ ብቻ የሚያልም፣ ዋጋ የማያስጨንቀው ሰው ሃይዳ ግዋይን ይመልከት።

ቀብድ ከመክፈል በፊት

ሎጁን እነዚህን ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ፦ ሙሉ የማጥመጃ ቀን ስንት ነው፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት? አንድ ጀልባ ላይ ስንት እንግዳ ይወጣል? ኪንግ ቢዘጋ ምን ይደረጋል? በአየር ሁኔታ ያለፈ ቀን ይካሳል? ማሸጊያውና ሳጥኑ በዋጋው ውስጥ ነው ወይስ በፓውንድ ይከፈላል? ሲመለሱ ይዞ መሄድ የሚፈቀደው ጠቅላላ ገደብ ስንት ነው? ሮክፊሽን (በጥልቅ ውሃ የሚኖር ሌላ ዓሣ) ወደ ጥልቁ መልሶ የሚለቅ መሣሪያ ጀልባው ላይ አለ? የመጨረሻው ትንሽ ቢመስልም በአላስካ ሕግ የሚያስገድደው ነው፤ ከጥልቅ የወጣ ሮክፊሽ የአየር ከረጢቱ ስለሚነፋ ከላይ ቢጣል ተንሳፍፎ ይሞታል። መሣሪያውን የማያውቅ ሎጅ ሌላውንም ደንብ እንዴት እንደሚይዝ ከዚያ ይገመታል።

የትንሹ አውሮፕላን የሻንጣ ጣሪያ ከትልቁ አየር መንገድ ያነሰ ሊሆን ስለሚችል ሲመለሱ የዓሣ ሳጥኖቹ በምን እንደሚጓዙ አብሮ ይጠየቅ። የመመለሻ በረራውን ከሎጁ በሚወጡበት ቀን አይያዙት፤ ጉም ትንሹን አውሮፕላን አንድ ቀን ቢያቆየው ትልቁ አይጠብቅም፤ በአንኮሬጅ፣ በኬቺካን ወይም በቫንኩቨር አንድ ሌሊት ያስቡ፣ ለሳጥኖቹም ማቀዝቀዣ ያለው ሆቴል።